በክት አልበላም ያለው ዘንዶ

ተረት ልንገራችሁ? በሉ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ። ለሰማ አልደግምም፣ ላልሰማ አላዝንም።

ድሮ፣ ድንጋዩ ሳይቀር አፍ በነበረው ዘመን፣ ውርጭ በሚበረታበት ደጋ አገር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የጨው ነጋዴ ነበር። አንድ ጊዜ ከቆላ ሲመለስ በቅል ውስጥ ጣት የምታህል ዘንዶ ይዞላት መጣ። የሌላው ሴት ባል ጨርቅ ያመጣል፣ የእሷ ባል ዘንዶ አመጣ። ውሎ አድሮ ባልየው ሞተ፤ ዘንዶው ግን አደገ። ጣት ያህል የነበረው ክንድ አከለ፣ ክንድ ያከለው የቤቱን ምሰሶ አከለ። ደጋ ነውና ከእሳት ከራቀ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ምድጃው አጠገብ በትልቅ የስንደዶ ቅርጫት ውስጥ ይተኛ ነበር። ደብሪቱ ልጅ የላትም። እሷ «አያ ዘንዶ» ትለዋለች፣ እሱ «እማዬ» ይላታል።

ምግቡ አይጥ ነው። ደብሪቱ ከጎተራዋ ሥር በወጥመድ ትይዝና አይጡን ከነነፍሱ ቅርጫቱ ውስጥ ትጥልለታለች። ዓመት ከዓመት እንዲህ ኖሩ።

የመስቀል ሰሞን ግን አንዲት ትልቅ አይጥ ከመበላቷ በፊት ዘንዶውን ዓይኑን ነከሰችው። የግራ ዓይኑ ፈሰሰ። ዘንዶው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጠቅልሎ ተኛ። ጥቅምት አለፈ፣ ቁስሉ ጠገገ። ኅዳር አለፈ፣ ምንም አልቀመሰም። ታኅሣሥ ሲገባ ቆዳው እንደ ትልቅ ሰው ልብስ ሰፋው፤ የጀርባው አጥንት በጣት ይቆጠር ጀመር። ዘንዶ ሦስት ወር መጾም ይችላል። አራተኛውን የሞከረው ግን አልተመለሰም።

ደብሪቱ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አሰበች። «ዓይኑ ሁለት ነበር፤ አንዱ ሄዷል። አንድ አይጥ አንድ ዓይን ከወሰደ ሌላ አይጥ ሌላውን ይወስዳል። ከእንግዲህ በሕይወት ያለ አይጥ ወደዚህ ቅርጫት አይገባም። ካልበላ ደግሞ ይሞታል። እንግዲህ የሞተ ይብላ።»

ነገሩ እንዲህ ሲታሰብ ቀላል ነበር።

በወጥመድ የያዘቻቸውን አይጦች ገድላ በጓሮዋ ጥላ ባለው ድንጋይ ላይ ደረደረቻቸው። ጎህ ሲቀድ ውርጭ መጣ፣ ነጭ ኩታውን እየጎተተ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«አይጥ ነው። ያዝልኝ።»

«እይዝልሻለሁ። እኔ የያዝኩትን ዝንብ አይነካውም፣ አይሸትም፣ አይተላም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ አንዴ ከወሰድሽው ወሰድሽው ነው። ለስልሶ፣ ሞቆ፣ ሳይበላ ሲቀር መልሰሽ እንዳታመጪልኝ።»

«እሺ» አለች ደብሪቱ።

አንዲት አይጥ ግን አልገደለችም። ምናልባት እምቢ ቢልስ ብላ፣ ክዳኑ በተበሳ እንስራ ውስጥ ከትታ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት። አይጥ ስንደዶ ትበላለች፣ ሸክላ ግን አትበላም። ያቺ «ምናልባት» የምትባል ነገር ስንት ጣጣ እንዳላት ደብሪቱ ገና አላወቀችም።

በመጀመሪያው ቀን ከውርጭ እጅ አንድ አይጥ ተቀበለችና እንዳለ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረችው። ቋ! አለ።

«እማዬ፣ በድንጋይ ትመቺኛለሽ?» አለ ዘንዶው።

«አይጥ ነው።»

ዘንዶው ምላሱን አወጣ፣ አስገባ። «አይሞቅም። አይሸትም። አይሮጥም። አይጥ ቢሆን ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያደርግ ነበር።»

«ሞቶ ነዋ!»

«ሞቶ?» ዘንዶው አንገቱን አቀና። «ልታበዪኝ የፈለግሽው በክት ነው?»

«ምን?»

«ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ በክት አይበላም። ይህን የሰማሁት ከአንቺው አፍ ነው፤ የጎረቤት በሬ ገደል የገባ ጊዜ።»

«አንተ መቼ አርደህ በልተህ ታውቃለህ? አንቀህ አይደለም ወይ የምትውጠው? ታንቆ የሞተስ በክት አይደለም?»

«እሱማ የእጄ ሥራ ነው።»

«እጅ የለህም እኮ!»

ዘንዶው ይህን ስድብ አድርጎ ቆጠረው። ራሱን ከሰውነቱ ሥር ቀበረ።

ከእንስራው ውስጥ ቀጭን ሳቅ ተሰማ። «እሜቴ» አለች አይጢት፣ «ልክ ነው እኮ። እንደሱ ላለ ጌታ የቀዘቀዘ ይቀርባል? ነውር አይደለም? እኔን ይስጡት። ትኩስ ነኝ።»

«ጥርስሽን አይቼዋለሁ» አለች ደብሪቱ።

«ጥርስ ለፈገግታ ነው እሜቴ።»

ደብሪቱ የአይጢትን ሐሳብ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። አይጢት ቅርጫቱ ውስጥ ከገባች የቀረችውን ዓይን ትነክሳለች፣ ስንደዶውን ትበሳለች፣ ወደ ጎተራው ትሮጣለች። ክዳኑን ይበልጥ አጠበቀችው።

በሁለተኛው ቀን «ቅዝቃዜው ነው እንጂ ጠልቶት አይደለም» አለችና ሌላ አይጥ አምጥታ እሳት ላይ ጣለችው። ፀጉሩ ነደደ፣ ቤቱን የቃጠሎ ሽታ ሞላው፣ ጎኑ ፈነዳ። ላዩ ተጠበሰ፤ ሆዱ ግን ገና በረዶ ነበር።

ዘንዶው አሸተተና ወደ ኋላ ሸሸ። «ትናንት ድንጋይ፣ ዛሬ ጥብስ። ነገ ደግሞ ድንብላል ልትጨምሪበት ነው?»

«እንካ ብላ፣ ሞቋል!»

«የበክት ጥብስ» አለ ዘንዶው፣ እና ራሱን ቀበረ።

ደብሪቱ መሬቱን በእግሯ ረገጠች። በዚህ ጊዜ ከምድጃው ጥግ ማሰሮ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ማሰሮ ወሬ ትወዳለች፤ ያን ቀን ግን ቁም ነገር ነበራት።

«እኔን እዚህ ጥደሽኝ ስትኖሪ ምን አስበሽ ነው? በረዶና እሳት መሃል እኔ አለሁ እኮ! ውሃውን ለብ አድርጊው፣ እንዳይፈላ። አይጡን በኮባ ቅጠል ጠቅልይው፣ እንዳይርስ። ከዚያ ታገሺ። ፀጉሩ ሲለሰልስ አትቸኩዪ፤ ሆዱን ተጫኚ፣ እዚያ ውስጥ ጠጠር ካለ ገና ነው። በረዶው ሲለቅ አውጪው፣ አድርቂው፣ ብብትሽን ያህል ይሙቅ። ብብትሽን! እሳትሽን አላልኩም።»

«ይህን ሁሉ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትናንት ማን ጠየቀኝ?»

ደብሪቱ በንዴት ሌላ ነገር አደረገች፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። በዚያ አገር ምግብ እምቢ ያለ ሰው «አልራበውም» አይባልም፤ «አኩርፏል» ነው የሚባለው። ላኮረፈ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። ስለዚህ ለአህያ፣ ለፍየልና ለኤሊ ላከች።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። አህያና ፍየል በማለዳ ደረሱ፤ ኤሊ ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይቶ ደረሰ። ደብሪቱ ማሰሮ እንደነገረቻት አይጡን በለብታ አሟሙታ፣ ሆዱን ተጭና፣ አድርቃ፣ ብብቷን ያህል አሙቃ ተዘጋጅታ ነበር። ሥራው እንከን አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ቅርጫቱን ከብበው ቆሙ።

«አያ ዘንዶ» ብሎ አህያ ጀመረ፣ «ለልመና ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«አንተ መቼ ተቀምጠህ ታውቃለህ?» አለ ዘንዶው ከጥቅሉ ውስጥ።

«ነገር አታጣምምብኝ። ይህች ሴት አሳድጋሃለች። በእሷ ላይ ማኩረፍ አይገባህም።»

«አላኮረፍኩም።»

«አኩርፈሃል፤ ያላኮረፈ ይበላል። ፍየል፣ አንተም ተናገር እንጂ።»

ፍየል መናገር አልቻለም፤ የቅርጫቱን ጠርዝ እያኘከ ነበር። ኤሊ በበኩሉ ስለ አያቱ አንድ ረጅም ታሪክ ጀመረ፤ አያቱም የመቶ ዓመት ዕድሜ ላይ ሆነው በአንድ ነገር አኩርፈው ነበር። ታሪኩ ወደየት እንደሚሄድ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

«በይ እንግዲህ፣ አጉርሺው!» አለ አህያ ወደ ደብሪቱ ዞሮ። «ከእጅሽ እምቢ አይልም።»

ደብሪቱ ሞቃቱን አይጥ በጣቶቿ ይዛ እጇን ወደ ቅርጫቱ ዘረጋች። «በሞቴ፣ አያ ዘንዶ! አፈር ስሆን! እቺን ብቻ!»

«በሞቷ!» አለ አህያ።

«በሞቷ!» አለ ፍየል፣ አፉ እንደሞላ።

ዘንዶው ራሱን አወጣ። ምላሱን አወጣ፣ አስገባ፤ አወጣ፣ አስገባ። አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ። ከዚያ ፈጥኖ ተወረወረና ያዘ። የያዘው ግን አይጡን አይደለም፤ የደብሪቱን እጅ ነው።

ጩኸቱ ለሦስት ጎረቤት ተሰማ። አህያ አናፋ፣ ፍየል ምድጃው ላይ ዘለለ፣ ኤሊ ወደ ቤቱ ገባ፤ ቤቱ ከላዩ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም። ዘንዶ መርዝ የለውም፣ ጥርስ ግን አለው። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ለቀቃት።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለ አፍሮ። «ሞቀኝ። ተንቀሳቀሰ። ያዝኩት። ምን ላድርግ?» አለና ራሱን ቀበረ።

ደብሪቱ የደማ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች። አይጡ ወለሉ ላይ ወድቆ አመድ ለብሷል።

«እንግዲህ የተመሰከረ ነገር ነው» አለ አህያ። «የሚፈልገው ሕያው ነው። ሕያው ስጪውና እንገላገል።»

«እውነት ነው፣ አባቴ!» አለች አይጢት ከእንስራው ውስጥ። «እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይብዛልን! እሜቴ፣ ክዳኑን ያንሡ። ልጅዎ እየሞተ ለማን ብለው ነው?»

ደብሪቱ የዘንዶውን ጀርባ አየች። አጥንቱን በዓይኗ ቆጠረች። ደከማት። ድካሟ የሦስት ቀን ብቻ አልነበረም፣ የሦስት ወር ነበር። ወደ እንስራው ሄደች። በደህናው እጇ ክዳኑን ያዘች።

«ደብሪቱ» የሚል ድምፅ ከግድግዳው መጣ።

ጉጠት ነበር። የባሏ አያት የጋለ ብረት ሲይዙበት የኖሩት የጥንት ጉጠት ነው፤ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ብዙ አያወራም። ሲያወራም የሚያወራው ያየውን ነው።

«ክዳኑን ከማንሣትሽ በፊት ልጠይቅሽ» አለ። «ድሮ፣ ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ሲውጥ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ደብሪቱ አሰበች። «አላውቅም።»

«የት ነበርሽ?»

«ክዳኑን ገጥሜበት ወደ እርሻዬ እሄድ ነበር።»

«ቤት ውስጥስ ማን ይቀር ነበር?»

«ማንም።»

«ዛሬ ስንት ነን?»

ደብሪቱ ዞራ አየች። አህያ፣ ፍየል፣ ኤሊ፣ አይጢት፣ እሷ ራሷ። አህያ አሁንም ይናገር ነበር።

«አላኮረፈም» አለ ጉጠት። «ተጨንቋል። እሱ ራሱ ነግሮሻል፣ እናንተ ግን ስታወሩ አልሰማችሁትም። ሞቀኝ አለ፤ ተንቀሳቀሰ አለ፤ ያዝኩት አለ። ሕያው ነው ብሎ አልያዘሽም። አይጡ ሞቆ ነበር፣ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። እጅሽም ሞቆ ነበር፣ በዚያ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ደግሞ ያቺ እንስራ። ምላሱን ባወጣ ቁጥር የምትሸተው እሷ ናት። በሕይወት ያለች አይጥ በክንድ ርቀት ላይ እየሸተተችው ሌላውን ለምን ያያል? ይጠብቃታላ።»

«ውሸት ነው!» አለች አይጢት።

«አይጡን ለመያዝ እኔ አለሁ፣ እኔን ቢነክስ አልደማም። እናንተ ግን ውጡ።»

«ጥዬው ልውጣ?» አለች ደብሪቱ። «ሰው ሲበላ ጥሎ መውጣት ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ሰው ሲበላ ነው» አለ ጉጠት።

ደብሪቱ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

«ሽማግሌዎች፣ አመሰግናለሁ። በሉ ውጡልኝ።»

አህያ ጆሮዎቹን አቆመ። «ሽማግሌ ይባረራል?»

«አይባረርም። ይላካል።» እንስራውን አንሥታ በአህያ ጀርባ ላይ ጫነችው። «ይህችን አይጥ ወንዝ አሻግራችሁ እሾሁ ውስጥ ልቀቁልኝ።»

«አስታራቂ ሆኜ መጥቼ ጫኝ ሆኜ ልመለስ?»

ፍየል ሳቀ። ደብሪቱ ግን የፍየልን አፍ ከቅርጫቱ ጠርዝ ነጥላ እሱንም በቀንዱ ጎትታ አወጣችው። ኤሊን ራሷ ተሸክማ አጥሩ ሥር አስቀመጠችው፤ የአያቱን ታሪክ ገና አልጨረሰም ነበር። ከመንገዱ የአይጢት ድምፅ ተሰማ፦ «አያ አህያ፣ ጀርባዎ እንዴት ይመቻል! ስለ ወንዙ ግን አንድ ነገር ባወያይዎት…» አህያ ግን በጣም ተናዶ ስለነበር የማንንም ወሬ አልሰማም። ወንዙን ተሻገረ። ከወንዙ ማዶ ጎተራ የለም።

ደብሪቱ አመድ የለበሰውን አይጥ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ውርጭ ጥላው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር።

«እሱን ልትመልሺልኝ ነው?» አለ።

«አይደለም፤ እሱስ ለጭልፊት ነው። ሌላ ስጠኝ።»

«ሰባት አስቀመጥሽ፣ አራተኛውን እየወሰድሽ ነው። እሱ እኮ እስካሁን አንድም አልቀመሰም።»

«ውርጭ፣ ዛሬ ከአንተ ምክር አልፈልግም። አይጥ ነው የምፈልገው።»

ተቀበለች። በኮባ ጠቀለለች፣ ለብ ባለ ውሃ ነከረች፣ ታገሠች። ማሰሮ አንድ ነገር ልትል ስትል ደብሪቱ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ሆዱን ተጫነች፤ ጠጠር የለም። አደረቀች። ብብቷ ላይ ለካች። ጅራቱን ለጉጠት አስያዘችና ጉጠቱን ከሩቅ ይዛ ወደ ቅርጫቱ አፍ አስጠጋች።

«ወደ እሱ አትግፊኝ» ብሎ ጉጠት አንሾካሾከ። «የሚሸሽ እንጂ የሚያጠቃ አይጥ አይበላም። ራቅ፣ ራቅ አድርጊኝ። በዘፈቀደም አትወዝውዢኝ። ትንሽ፤ ቆም፤ ትንሽ።»

ትንሽ። ቆም። ትንሽ።

ከጥቅሉ ውስጥ ምላስ ብቅ አለች። ገባች። ብቅ አለች። ገባች። ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ስትል ያቺ አንድ ዓይንም ተከትላ ወጣች። ደብሪቱ «በሞቴ» የሚለው ቃል ከደረቷ ተነሥቶ ጥርሷ ላይ ሲደርስ ተሰማት። ምላሷን ነከሰች። አይጡን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ጉጠቱን ሳበች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በላዩ ላይ ጥቁር ባና ጣለች። ወጣች። በሩን ዘጋች።

ወደ እርሻዋ ወርዳ በአንድ እጇ አረም መንቀል ጀመረች። ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል አለፉ።

«ደብሪቱ፣ ልጅሽ ታሞ ጥለሽው ወጣሽ?»

«ምሳው ላይ ነው።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደብሪቱ አረሟን ነቀለች። አንዴ ወደ በሩ ለመሄድ ተነሣች፣ ተቀመጠች። ሁለተኛ ተነሣች፣ ተቀመጠች። ሦስተኛ ስትነሣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር፤ ያን ጊዜ ሄደች።

ባናውን አነሣች። ክዳኑን ከፈተች። አይጥ የለም። ዘንዶው ረጅም ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከራሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ አይጥ የሚያህል እብጠት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

«በላህ!» አለች።

«ምን በላሁ?»

«ያስቀመጥኩልህን አይጥ።»

«ያንን የሞተውን?» ዘንዶው ተቆጣ። «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? እኔ በክት አልበላም።»

«ታዲያ አንገትህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ይሄ ሌላ ነው። አንቺ እንደወጣሽ አንድ አይጥ መጣ። ደፋር ነው፤ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ትኩስ ነው። ያዝኩት፣ ጠመጠምኩት፣ ታገለኝ። እንዴት አድርጎ እንደታገለኝ ባየሽ! በመጨረሻ አነቅኩት።»

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ሦስት ወር የተጠራቀመ ንግግር ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስለ ውርጭ፣ ስለ ኮባው ቅጠል፣ ስለ ብብቷ፣ ስለተነከሰው እጇ፣ ነገ አገር ምድሩን ስለሚያዳርሰው የአህያ ቅያሜ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልትነግረው ትችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነበር።

እብጠቱን አየች። አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ዓይኑን አየች። እንዳለች ናት፤ ደህና።

አፏን ዘጋች።

«ትልቅ ነበር?» አለችው።

«ድመት ያክላል!»

«ጎሽ፣ የኔ ጀግና» አለች ደብሪቱ፣ ጉጠቱን ወደ ሚስማሩ እየመለሰች። «ለሚመጣው ወርም እንደሱ ያለ ደፋር አይጠፋም።»

ተረቴን እዚህ ላይ አሳርፌዋለሁ፤ የሚሸከመው ያንሣው። ከባድ የመሰለው ደግሞ ይህቺን ብቻ ይያዝ፦

ሊያበላ የመጣ ዞር ይላል፤ ሊመሰገን የመጣ ይቆማል።